ለስልሳ ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሆን የመንገድ ትራይፖድ

ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ዲ800 የተባለውን ባለ 36 ሜጋፒክስል ካሜራ ሲያወጣ፣ ከተለመደው የአጠቃቀም መመሪያ ሌላ አንድ የቴክኒክ መምሪያ አሰራጭቶ ነበር። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ይህ ካሜራ ብዙ ዝርዝር ስለሚይዝ ድሮ የማትታየው ትንሽ ንቅናቄ ሁሉ ፎቶው ላይ ትወጣለች፣ ስለዚህ ትራይፖድ ተጠቀሙ ይላል። ሻጭ ለገዢው ዕቃው ብቻውን እንደማይበቃ አስቀድሞ ሲነግረው ብዙ ጊዜ አይታይም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሽቅብ ነው የሄደው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2015 ሃምሳ ደረሰ፤ ሶኒ በ2019 ስልሳ አንድ ላይ ወጣ፤ ፉጂፊልም በዚያው ዓመት ሰፊ ሴንሰር ባለው ጂኤፍኤክስ100 መቶን አለፈ። የመንገድ ትራይፖድ ግን በዚሁ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዘ፤ ቀለለ፣ ሲታጠፍ አጠረ፣ እግሩም ቀጠነ። እንግዲህ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ትከሻ የማይቆርጥ ትራይፖድ እንዲህ ያለውን ካሜራ በእርግጥ ጸጥ አድርጎ ያቆማል ወይ?

ነገሩን በቁጥር እንየው። ባለ 12 ሜጋፒክስሉ ኒኮን ዲ700 ላይ የአንዱ ፒክስል ስፋት ወደ 8.5 ማይክሮ ሜትር ነበር። ባለ 61 ሜጋፒክስሉ ሶኒ ኤ7አር 4 ላይ 3.76 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ካሜራ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከተገጠመ፣ አንዱ ፒክስል አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ገደል ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቦታ ይይዛል። ከወዲህ በኩል ሲታይ ደግሞ፣ ሃያ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሌንስ ጫፉ በአራት ማይክሮ ሜትር ያህል ካዘነበለ ምስሉ በአንድ ፒክስል ተንሸራተተ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ ሰባ ማይክሮ ሜትር ይጠጋል፤ የምናወራው ስለዚያ ሃያኛ ክፍል ነው። ጣት ሹተሩን ስትጫን፣ ነፋስ የካሜራውን ማንገቻ ሲያወዛውዝ፣ ሰው በእንጨት ወለል ላይ በአጠገብ ሲያልፍ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ንቅናቄ ይፈጠራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ። ፒክስሉ ስለበዛ ፎቶው ከድሮው የባሰ አይበላሽም። ያው መንቀጥቀጥ በ12 ሜጋፒክስልም ሆነ በ61 ተነስቶ በአንድ መጠን ሲታተም እኩል ነው የሚያደበዝዘው። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ለ61 ሜጋፒክስል ተከፍሎ የ20 ሜጋፒክስል ፎቶ ይዞ መመለስ ነው። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ለሚተው ሰው የሚቀጥለው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። ግድግዳ የሚሸፍን ህትመት ለሚያወጣ፣ የመጽሐፍ ሥራ ላለው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለቅርስ መዝገብ ለሚያነሳ ሰው ግን ልዩነቱ ደመወዙ ነው።

ትራይፖድ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም ላይ ነው። ስምንት ኪሎ፣ አሥር ኪሎ፣ አሥራ አምስት ኪሎ። ይህን ቁጥር ከነጭራሹ ባታዩት ይሻላችኋል። ሁሉም አምራች የሚለካበት የጋራ መስፈርት ስለሌለ፣ አንዱ በጥንቃቄ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ሌላው እግሩ እስኪሰበር የቻለውን ይጽፋል። ደግሞስ ምን ልንሸከምበት ነው? ኤ7አር 4 665 ግራም ነው፤ ከባድ የሚባለው የመጀመሪያው የሶኒ 70–200 ኤፍ 2.8 ሌንስ 1,480 ግራም ነው። ሁለቱ ተደምረው ከሁለት ኪሎ ብዙም አያልፉም። ገበያ ላይ ያለ ደካማ ትራይፖድ እንኳ ይህን ሳይወድቅ ይሸከማል። መሸከምና ማርጋት ግን አንድ አይደሉም።

ማርጋት የሚባለው ነገር ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ግትርነት ነው፤ ትራይፖዱ አናቱ ላይ ሲገፉት ወይም ሲጠመዝዙት ምን ያህል እምቢ ይላል የሚለው። ሁለተኛው ንዝረቱ ከጀመረ በኋላ ምን ያህል ቶሎ ይረግባል የሚለው ነው። ዴቪድ ቤሪሪዘር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ ዘ ሴንተር ኮለም በሚል ስም በርካታ ትራይፖዶችን በመሣሪያ ለክቶ ውጤቱን ለሕዝብ አውጥቷል። የሚለካው ኪሎ አይደለም፤ ትራይፖዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲታጠፍ፣ ለብቻው ደግሞ ግራና ቀኝ ሲጠማዘዝ የሚያሳየውን ግትርነትና የንዝረቱን አረጋገብ ነው። የትራይፖድ ወሬ ከአስተያየት ወጥቶ ወደ ልኬት የገባው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው መጠማዘዙን ነው፤ ቀጫጭን እግሮች ከላይ ሲጫኗቸው ጠንካራ ይመስላሉ፣ አናታቸውን ይዘው እንደ በር እጀታ ሲያዞሯቸው ግን ይለምጣሉ።

ሱቅ ውስጥ በአካል የመሞከር ዕድል ካለ ልኬቱን በቤት ዘዴ መተካት ይቻላል። ካሜራችሁንና ያላችሁን ረጅሙን ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርጉ፣ የመሃል ዘንጉን ወደ ታች እንደ ወረደ ተዉት፣ ካሜራውን ግጠሙና በሩ ላይ ካለ ጽሑፍ ጋር አነጣጥሩ። የካሜራውን ማረጋጊያ አጥፉ፤ አለበለዚያ የምትፈትኑት እሱን ነው። ስክሪኑ ላይ ምስሉን እስከ መጨረሻ አጉሉት፤ ፊደሎቹ ግዙፍ ሆነው ይታያሉ። አሁን አንዱን እግር በጣታችሁ ጥፍር ቀስ ብላችሁ ምቱና ፊደሉን ተመልከቱ። በደካማው ትራይፖድ ላይ ፊደሉ እየዘለለ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይቆያል፤ በጠንካራው ላይ አንዴ ይርገበገብና ቀጥ ይላል። ቀጥላችሁ የሌንሱን ጫፍ በአንድ ጣት ወደ ጎን ግፉትና ልቀቁት። ወደ ነበረበት ቦታ በትክክል ካልተመለሰ፣ ከእግሩ፣ ከአናቱ ወይም ካሜራውን ከአናቱ ጋር ከሚያያይዘው ፕሌት አንዱ ልል ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ችላ በሉት።

ችግሩ ብዙዎቻችን ሱቅ ገብተን የምንሞክርበት ዕድል የለንም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ለቪዲዮና ለስልክ የሚሆን ርካሽ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ደህናው የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ነው። ተሞክሮ አይገዛም፣ ቢከፋም አይመለስም። ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ እውነቱን ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ የላይኛውና የታችኛው የእግር ቱቦ ውፍረት፣ የአንጓው ብዛት፣ እና የመሃል ዘንጉ ሳይነሳ ያለው ቁመት።

ከሦስቱ ትልቁ የቱቦው ውፍረት ነው። ግድግዳው እኩል ስስ የሆነ ቱቦ ዲያሜትሩ ሲጨምር አልታጠፍ ባይነቱ በዲያሜትሩ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል። 28 ሚሊ ሜትር የሆነ እግር ከ20 ሚሊ ሜትሩ ጋር ሲወዳደር በዲያሜትር የሚበልጠው በአርባ በመቶ ብቻ ነው፤ በግትርነት ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለዚህም ነው በክብደት ትንሽ የሚለያዩ ሁለት ትራይፖዶች ሜዳ ላይ ሲቆሙ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁት። የጂትዞን ሁለት የጉዞ ትራይፖዶች ብንወስድ፣ ተከታታይ 1 ከሚባሉት ጂቲ1545ቲ እግሩ ብቻ 1.06 ኪሎ ነው፤ ተከታታይ 2 የሆነው ጂቲ2545ቲ ወደ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። የመጀመሪያው የላይኛው ቱቦ ወደ 25 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው ወደ 29 ነው። ሁለቱም ሲታጠፉ ከግማሽ ሜትር ያንሳሉ፤ ቁመታቸውም ተቀራራቢ ነው። ሦስት መቶ ግራም የማይሞላ ጭማሪ እዚህ የሚገዛውን ያህል ሌላ ቦታ የሚገዛ አይመስለኝም። ውድ ሌንስ ለማቅለል ብለን ለዚያች ሦስት መቶ ግራም ስንት ብር እንደምናፈስስ የምናውቅ እናውቀዋለን።

አንጓው ደግሞ የዚሁ ጉዳይ ሌላ ፊት ነው። እያንዳንዱ አንጓ በላይኛው ውስጥ ስለሚገባ የግድ መቅጠን አለበት፤ ብዙ ጊዜ በሦስትና በአራት ሚሊ ሜትር። ባለ ሦስት አንጓ ትራይፖድ የታችኛው እግሩ ወፍራም ነው፣ ሲታጠፍ ግን ሻንጣ አይገባም። ባለ አምስት አንጓው ከእጅ ቦርሳ ጎን ይገባል፣ የመጨረሻው እግሩ ግን እርሳስ ያህላል። በዚያ ላይ መቆለፊያው ይበዛል፤ ሦስት እግር በአራት መቆለፊያ አሥራ ሁለት መገጣጠሚያ ማለት ነው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይለምጣሉ። ለጉዞ አራት አንጓ ነው ሚዛኑ። አምስት አንጓ የምትገዙ ከሆነ የመጨረሻውን አንጓ እንደሌለ ቁጠሩት፤ ቁመቱንም ያለሱ አስሉ።

አሁን ወደ መሃል ዘንጉ። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ የተነሳ የመሃል ዘንግ ባለ ሦስት እግሩን ባለ አንድ እግር ያደርገዋል። ከታች በሦስት አቅጣጫ የተደገፈው ነገር ከላይ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልኬቶቹም የሚያሳዩት ዘንጉ በተነሳ ቁጥር ግትርነቱ በኃይል እንደሚወርድ ነው። ታዲያ አብዛኞቹ የጉዞ ትራይፖዶች ለምን ዘንግ አላቸው? ምክንያቱ ቁመት ብቻ አይደለም። እግሮቹ 180 ዲግሪ ወደ ላይ ተቀልብሰው አናቱን እንዲያቅፉትና እንዲያጥሩ፣ አናቱ ከእግሮቹ መጋጠሚያ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያን ርቀት የሚሰጠው ዘንጉ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ቁመትም አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ተነስቶ ነው። ፒክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2019 በኪክስታርተር ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበበትን የጉዞ ትራይፖድ ተመልከቱ። ቁመቱ 152 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ዘንጉ ሲወርድ 130 ነው። በአስተጣጠፉ ድንቅ ዕቃ ነው፣ ከነአናቱ በካርቦን 1.27 ኪሎ ይመዝናል፣ ሲታጠፍ 39 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን አምስት አንጓ ነው፣ አናቱም እንደ ልብ እንዲዞር ዘንጉን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። ለ24 ሜጋፒክስል ካሜራና ለሰፊ ሌንስ እወደዋለሁ። ለስልሳ ሜጋፒክስልና ለረጅም ሌንስ ግን ውበቱ አያታልላችሁ።

ዘንግ የሌላቸውም አሉ። የታይዋኑ ፌይሶል ሲቲ-3442 አራት አንጓ፣ የላይኛው ቱቦ 28 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 1.1 ኪሎ ነው። የአሜሪካው ሪሊ ራይት ስተፍ ቲኤፍሲ-14 ወደ 1.2 ኪሎ ይመዝናል፣ ቁመቱ ግን ከ1.2 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ማጎንበስ ግዴታ ነው። ቆሞ በዓይን ከፍታ ማንሳት የለመደ ሰው ይህን አይወደውም። ነገር ግን የዛሬ ካሜራ ስክሪኑ ይታጠፋል፣ ተንበርክኮም ተቀምጦም ማየት ይቻላል። ከደረት በታች የሚቆም ጠንካራ ትራይፖድ ግንባር ከሚደርስ ደካማ ይሻላል።

ስለ ጥሬ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጂትዞ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያውን የካርቦን ፋይበር ትራይፖድ ካወጣ ወዲህ ክርክሩ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ካርቦን በዚያው ክብደት ከአሉሚኒየም ይበልጥ ግትር ነው፣ ንዝረትንም ቶሎ ያረግባል፣ በውርጭ ማለዳም እጅ አያቃጥልም። አሉሚኒየም ዋጋው ግማሽ ነው። ገንዘብ ካጠረ፣ ወፍራም እግር ያለው አሉሚኒየም ቀጭን እግር ካለው ካርቦን ይመረጣል፤ "ካርቦን" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አያረጋም። ንዝረትን በማርገብ ሁለቱንም የሚያስከነዳው ደግሞ እንጨት ነው። የጀርመኑ በርለባህ ከ1898 ጀምሮ አለ፣ ዛሬም አሽ ከሚባል ዛፍ እንጨት ይሠራል፤ ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ይወዱታል። ይዞ ተራራ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

አናቱን ከእግሩ ለይታችሁ ግዙ ቢባል ይሻላል፤ አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት ነው። ከ350 እስከ 450 ግራም የሚመዝን፣ ኳሱ 36 ወይም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ቦል ሄድ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ፕሌቱ አርካ ስዊስ በሚባለው ቅርጽ ይሁን፤ ከአብዛኞቹ ጋር ይገጥማል። ለካሜራችሁ ልክ ሆኖ የተሠራ፣ በጎኑ ከንፈር ያለው ፕሌት ግዙ። ለሁሉም የሚሆነው ጠፍጣፋ ፕሌት ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር በብሎኑ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ያኔ ትራይፖዱ ቢረጋም ካሜራው ይንሸራተታል። ኤል ቅርጽ ያለው ፕሌት ከተገኘማ ፎቶውን በቁመት ለማንሳት ካሜራው ወደ ጎን መንጠልጠሉ ይቀራል። ረጅም ሌንስ የራሱ የትራይፖድ ቀለበት ካለው በዚያ ይታሰር።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ቦታው ላይ ሲደረስ ነው። አገራችን ለዚህ ፈተና ሁለት ጽንፍ አላት፤ አንደኛው የአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ነው።

ላሊበላ ቤተ ማርያም ያሉት የግድግዳና የጣሪያ ሥዕሎች፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች፣ ገርዓልታ አቡነ የማታ ጉህ ዋሻ ጉልላት ላይ ያሉት ቅዱሳን፣ ሁሉም በትንሽ መስኮት ብርሃን የሚታዩ ናቸው። ፍላሽ ለሥዕሉም አይበጅ፣ ለአምልኮውም አያምር። ስለዚህ አይኤስኦውን ዝቅ፣ ሹተሩን ረዥም አድርጎ ማንሳት ነው ያለው። ፈቃድ ከአለቃው ወይም ከቄሱ ከተገኘ በኋላ፣ ትራይፖዱ እንዴት እንደሚቆም ወሳኝ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ አንዳንዴም ምንጣፍ በምንጣፍ። የጎማው ጫፍ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ዓይን አያየውም፣ የስድስት ሰከንድ ፎቶ ግን ያየዋል። ከተፈቀደ የምንጣፉን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ እግሩን ዓለቱ ላይ ማሳረፍ ነው። ካልተፈቀደ ትራይፖዱን በእጅ ወደ ታች ጫን አድርጎ ለቆ ጥቂት መጠበቅ ይረዳል። ሹል የብረት ጫፍ ያለው እግር እዚህ ፈጽሞ አይገባም። የሚሳለም ሰው ሲያልፍ ማንሳቱን ማቆም የአክብሮትም የንዝረትም ጉዳይ ነው።

ጣሪያ ማንሳት የራሱ መላ አለው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ ቦል ሄዱ ጎኑ ላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ወደ ጎን ይተኛል፤ ያኔ የካሜራውና የሌንሱ ክብደት በሙሉ ከመሃሉ ወጥቶ በአንድ ወገን ይንጠለጠላል። ያ ወገን ከአንዱ እግር በላይ እንዲውል ትራይፖዱን አዙሩት። በሁለት እግር መካከል ከዋለ ቀላሉ ትራይፖድ ይገለበጣል፤ ባይገለበጥም ይንቀጠቀጣል። እግሮቹን ሰፋ አድርጎ ዝቅ ማለት እዚህም ያዋጣል፤ ሰውዬው ራሱ ወለሉ ላይ መተኛቱ አይቀርምና። አቡነ የማታ ጉህን ያነሳሁት ሌላም ስላለበት ነው። ገደሉን በእጅና በባዶ እግር ተቧጥጦ ነው የሚወጣው። የትራይፖድ ክብደት በካርቶን ላይ ካለ ቁጥር ወደ ጀርባ የሚሻገረው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደረስ ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝነውን የስቱዲዮ ትራይፖድ የሚያወጣ ጀግና ካለ አከብረዋለሁ።

ሁለተኛው ጽንፍ ነፋስ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ለምሳሌ 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ ጫፍ፣ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይመጣል። እዚህ የትኛውም ቀላል ትራይፖድ በሙሉ ቁመቱ ቆሞ ረጅም ሌንስ አያረጋም፤ አሥር ኪሎ ይሸከማል የተባለውም ጭምር። የሚሠራው ይህ ነው፦ ቀጫጭኑን የታች አንጓ አለመዘርጋት፣ ከላይኛዎቹ ወፍራሞቹ መጀመር፣ ተቀምጦ ማንሳት፣ ማንገቻውን መፍታት፣ የሌንሱን ኮፍያ ማውለቅ፣ ከነፋሱ በኩል በሰውነት መከለል። ቦርሳን ከመሃል ማንጠልጠል ይመከራል፤ ልክ ነው፣ ግን ቦርሳው መሬቱን ነካ ማድረግ አለበት። በአየር ላይ የሚወዛወዝ ቦርሳ ለትራይፖዱ ሌላ ነፋስ ነው። ከዚያ በኋላ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ሹተሩን ማሳጠርና አሥር ያህል ፎቶ በተከታታይ ማንሳት፤ በነፋስ መሃል ጸጥ የምትል ቅጽበት አትጠፋም፣ ከአሥሩ አንዷ ትስማማለች።

ድብዝዝታ ሁሉ ግን የትራይፖዱ ኃጢአት አይደለም። አፋር ውስጥ በቀትር ረጅም ሌንስ ይዞ አድማሱን የሚያነሳ ሰው የሚያየው የአየሩን መንተክተክ ነው፤ ያንን ሲሚንቶ ላይ የተተከለ ብረትም አያስተካክለውም። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አጥብቦ የሚያነሳም በእጁ ነው ዝርዝሩን የሚያጠፋው። ካሜራው ራሱም ይነዝራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7አር ኤሌክትሮኒክ የፊት መጋረጃ ስላልነበረው፣ መስታወት የሌለው ካሜራ ሆኖ ሳለ በሹተሩ ምት ብቻ ፎቶ እያደበዘዘ ብዙ አነጋገረ። ዛሬ መፍትሔው ምናሌው ውስጥ አለ፤ የማይንቀሳቀስ ነገር በኤሌክትሮኒክ ሹተር፣ በሁለት ሰከንድ ሰልፍ ታይመር ማንሳት። ክፉው ሰፈር ከ1/60 እስከ አንድ ሰከንድ ገደማ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚነሳው ንዝረት የፎቶውን አብዛኛ ጊዜ ይይዘዋል። ሃያ ሰከንድ በሚፈጅ ፎቶ ላይ ግን ግማሽ ሰከንድ ንዝረት ብዙም አያሳይም። የካሜራው ማረጋጊያ ትራይፖድ ላይ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለው በካሜራው ዓይነት ይወሰናልና መመሪያውን ማየት ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ዕቃው ዕድሜ እንዲኖረው የታችኛውን አንጓ ወደ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት በጨርቅ ጥረጉት። አቧራው ከገባ በኋላ በመጠምዘዝ የሚቆለፈው እግር እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ዳሎል ጨው ላይ የቆመ ትራይፖድ ደግሞ በዚያው ዕለት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ካርቦኑ ባይዝግም ብሎኖቹ ይዝጋሉ።

ለመሆኑ ትራይፖድ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ካኖን አር5 ከአንዳንድ ሌንሶች ጋር እስከ ስምንት ስቶፕ ያረጋል ተብሏል፤ በወረቀት ላይ በ1/200 ይነሳ የነበረው በእጅ ተይዞ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይነሳል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የላብራቶሪ ነው፣ በሙሉ ጥራት ዘወትር አይገኝም፤ ቢሆንም ማረጋጊያው ብዙ ሥራ ከትራይፖድ ላይ መውሰዱን መካድ አይቻልም። ቀን ላይ ሰፊ ሌንስ ይዞ ለሚዞር መንገደኛ ትራይፖድ ሸክም ነው። ለትራይፖድ የቀረለት ሥራ ግን የቀረለት በምክንያት ነው፦ ሌሊት፣ የጨለመ ውስጥ፣ ፏፏቴ፣ ብዙ ፎቶ እየተደራረበ የሚገጣጠምበት ሥራ። ከሁሉም ጥብቁ ኤ7አር 4 ሴንሰሩን በግማሽ ፒክስል እያንቀሳቀሰ 16 ፎቶ አንስቶ ወደ 240 ሜጋፒክስል የሚያዋህድበት ዘዴ ነው። በዚያ ጊዜ ካሜራው በሁለት ማይክሮ ሜትር እንኳ ቢንሸራተት ልፋቱ ገደል ገባ። የቅርስ ሥዕል ለሚመዘግብ ሰው ይህ ዘዴ ወርቅ ነው፤ ያለ ጠንካራ ትራይፖድ ግን ከነጭራሹ አይሞከርም።

ገበያው ላይ ያሉትን በየስማቸው መዘርዘር አይጠቅምም፤ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። ጂትዞና ሪሊ ራይት ስተፍ ውድ ናቸው፣ ዋጋቸውን የሚያሟሉትም በአሠራር ትክክለኛነትና በመለዋወጫ ነው። ሌኦፎቶ፣ ሲሩይና ቤንሮ የሚባሉት የቻይና ሥራዎች በግትርነት እየተጠጓቸው መጥተዋል፣ ዋጋቸውም በብዙ ያንሳል። ለአብዛኛው ሰው ከእነዚህ አንዱ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። በአየር መንገድ በኩልም ነገሩ ቀላል ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 7 ኪሎ ነው፤ ባለ አራት አንጓው በርዝመት ይገባል፤ የሚያስቸግረው ካሜራና ሌንስ ተጨምረው ሰባቱ ኪሎ ሲሞላ ነው። ወደ ጭነት ከሄደ አናቱ ተፈትቶ፣ እግሩ በልብስ ተጠቅልሎ ይሂድ።

እንግዲህ ለዘመድ የምትልኩት መልእክት ይህን ይምሰል፦ አራት አንጓ፣ ካርቦን፣ የላይኛው ቱቦ 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የታችኛው ከ18 ያላነሰ፣ ዘንግ የሌለው ወይም ዘንጉ የሚወልቅ፣ ያለ ዘንግ ደረት የሚደርስ፣ እግሩ ከ1.1 እስከ 1.4 ኪሎ፣ ከነአናቱ ከ1.8 ኪሎ የማይበልጥ። የመሸከም አቅሙን አትጠይቁ። ከኪሎ በታች የሆነ፣ አምስት አንጓ ያለው፣ ዘንጉ ተነስቶ ግንባር የሚደርስ ዕቃ ቢያቀርቡላችሁ ገንዘቡን ለሌላ አውሉት፤ ለስልሳ ሜጋፒክስል ካሜራ እሱን ከመሸከም አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ በእጅ ማንሳት ይሻላል።